ለአሜሪካ ኮሌጅ ስታመለክቱ ከክፍል ውጪ የሠራችሁትን እንዴት ትጽፋላችሁ?

ኢትዮጵያ ውስጥ ተማሪ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚመደበው በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤቱ ነው። ሚኒ ሚዲያ ላይ አራት ዓመት ያገለገለውም፣ ደወል እንደተደወለ ቤቱ የሚገባውም በአንድ መቁረጫ ነጥብ ይለካሉ። ለአሜሪካ ኮሌጅ የሚያመለክት ተማሪ ግን ከትራንስክሪፕቱ ሌላ ከክፍል ውጪ ጊዜውን በምን እንዳሳለፈ የሚያሳይ ዝርዝር ይጠየቃል። የሐበሻ ልጆች ዝርዝር ላይ ደጋግሞ የሚታየው ጉድለት ደግሞ ዋናው ሥራ ሳይጻፍ መቅረቱ ነው። በሳምንት 15 ሰዓት ታናናሾቿን የምትይዝ ልጅ እሱን ትታ፣ ሦስት ጊዜ ብቻ የሄደችበትን ክለብ አንደኛ መስመር ላይ ታስቀምጣለች።

መጀመሪያ፦ የምታመለክቱበት ኮሌጅ ዝርዝሩን ያነበዋል ወይ?

ሁሉም አያነበውም። ይህን ሳያጣሩ ልጃቸውን በየክለቡ የሚያመላልሱ ወላጆች ብዙ ናቸው። ለማወቅ አምስት ደቂቃ ይበቃል። አብዛኞቹ ኮሌጆች በየዓመቱ «ኮመን ዳታ ሴት» የሚባል ሰነድ ያወጣሉ። የኮሌጁን ስም ከዚህ ሐረግ ጋር ጽፋችሁ ፈልጉና ሲ7 የሚለውን ሰንጠረዥ ክፈቱ። እዚያ የኮርስ ክብደት፣ ጂፒኤ (አማካይ ውጤት)፣ ድርሰት፣ ከክፍል ውጪ እንቅስቃሴ፣ ልዩ ተሰጥኦ፣ ጠባይ፣ በጎ ፈቃድና የሥራ ልምድ እያንዳንዳቸው በአራት ደረጃ ተመድበው ታገኛላችሁ፦ በጣም አስፈላጊ፣ አስፈላጊ፣ የሚታይ፣ የማይታይ። «የሥራ ልምድ» ራሱን የቻለ መስመር እንዳለው ልብ በሉ።

የካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ካምፓሶች በአብዛኛው የሚያዩት የተወሰዱትን ኮርሶችና ጂፒኤን ነው፤ ድርሰትም የድጋፍ ደብዳቤም አይጠይቁም። ቴክሳስ ውስጥ የተማረ ልጅ በክፍሉ ደረጃ ብቻ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መግባት ይችላል። ለቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የኦስቲን ካምፓስ ገደቡ ከ2026 መኸር ጀምሮ ከላይ ያሉት 5 በመቶ ናቸው። ሆኖም በደረጃ መግባትና የሚፈልጉትን ዘርፍ ማግኘት ይለያያሉ፤ ኦስቲን ላይ ምህንድስና ወይም ቢዝነስ የሚፈልግ ልጅ ዝርዝሩ ይነበባል። እንደ ሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ኮሌጅና እንደ ሰሜን ቨርጂኒያው ኖቫ ያሉ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ደግሞ በራቸው ክፍት ነው። ሁለት ዓመት እዚያ ተምሮ ለመዛወር ያቀደ ልጅ ጉልበቱን ጂፒኤው ላይ ቢያውል ይሻለዋል።

ዝርዝሩ ከፍ ያለ ዋጋ የሚኖረው ብዙ አመልካች በሚመልሱ ኮሌጆች ነው። እዚያም ቢሆን ቀድሞ የሚታየው ውጤትና የተወሰዱት ኮርሶች ክብደት ነው። የክለብ ፕሬዚዳንትነት በአልጀብራ የመጣውን «ሲ» ውጤት አያነሳም። ነገር ግን እነዚህ ኮሌጆች ደጃፍ ላይ ጥሩ ውጤት ያለው ልጅ በሺህ ስለሚቆጠር፣ ከዚያ በኋላ ያለው ልዩነት ከዝርዝሩ፣ ከድርሰቱና ከደብዳቤዎቹ ይመጣል።

አንባቢው ነጥብ የሚሰጠው እንዴት ነው?

አንባቢ የምንለው ማመልከቻውን አንብቦ የሚመዝነውን የኮሌጁን ሠራተኛ ነው። ኮሌጆች የውስጥ አሠራራቸውን አያወጡም። የሃርቫርድ ግን በ2018 በተካሄደው የፍርድ ቤት ክርክር አደባባይ ወጥቷል። አንባቢዎቹ ለትምህርት፣ ከክፍል ውጪ ለተሠራ ሥራ፣ ለስፖርትና ለጠባይ ከ1 እስከ 6 ቁጥር ይሰጡ ነበር፤ 1 ከሁሉ የላቀው ነው። ከክፍል ውጪ በሚለው ረድፍ 1 በአገር ደረጃ ወይም ከዚያ በላይ ለታየ ሥራ ነው። 2 በትምህርት ቤት ደረጃ ጠንካራ አስተዋጽኦ ላለው፣ ለምሳሌ ለክፍል ፕሬዚዳንት ወይም ለጋዜጣ አዘጋጅ ይሰጣል። 3 ደህና ተሳትፎ ኖሮት የተለየ ነገር ለሌለው፣ 4 እምብዛም ላልተሳተፈ ነው።

ለእኛ ልጆች ትልቁ ነገር ያለው 5 ላይ ነው። ቁጥሩ ከ4 የባሰ ይመስላል፤ ትርጉሙ ግን ሌላ ነው። 5 የሚሰጠው ጊዜውን ቤተሰብ በመርዳት ወይም በትምህርት ወራት ተቀጥሮ በመሥራት ላዋለ ተማሪ ነበር፤ አንባቢው ከሌላው እንቅስቃሴ ጋር ደምሮ ነጥቡን ከፍ ሊያደርግበትም ይችላል። ማለትም በጣም መራጭ ከሆኑት ኮሌጆች አንዱ ለቤተሰብ ኃላፊነትና ለደመወዝ ሥራ የራሱን ሣጥን አዘጋጅቶ ነበር። ልጁ ካልጻፈው ግን ሣጥኑ ባዶ ይሆናል፤ አንባቢውም 4 ይሰጣል።

የሚቆጠረው ምንድን ነው?

ኮመን አፕ (በአንድ ቅጽ ለብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች የሚመለከትበት ድረ ገጽ) ላይ እንቅስቃሴውን ስታስገቡ መጀመሪያ ዓይነቱን ከተዘረጋ ዝርዝር ትመርጣላችሁ። ከስፖርት፣ ከሙዚቃ፣ ከክርክር፣ ከሮቦቲክስ፣ ከምርምር ጎን «የቤተሰብ ኃላፊነት»፣ «የሚከፈልበት ሥራ»፣ «ሃይማኖታዊ»ና «ባህላዊ» የሚሉ ምርጫዎች አሉ። እነዚህን አራቱን በጥሞና ተመልከቱ፤ የሐበሻ ቤት ሕይወት በብዛት የሚገባው እዚያ ነው።

የቤተሰብ ኃላፊነት ሲባል አልጋ ማንጠፍና ሳህን ማጠብ አይደለም። አዋቂ ሊሠራው ይገባ የነበረ፣ እናንተ ባትሠሩት ቤቱ የሚጎድልበት ሥራ ነው። እናትና አባት በሁለት ፈረቃ ሲሠሩ ታናናሾችን ከትምህርት ቤት ተቀብሎ፣ አብልቶ፣ የቤት ሥራ አሠርቶ ማስተኛት። ለአያት መድኃኒት በሰዓቱ መስጠትና ሐኪም ቤት መውሰድ። ክሊኒክ፣ ባንክ፣ የኢሚግሬሽን ቀጠሮ ላይ ማስተርጎም። የቤት ኪራይ፣ የመብራት፣ የኢንሹራንስ ወረቀት ማንበብና መክፈል። አባት የዕቁብ ሰብሳቢ ሆኖ መዝገቡን በኤክሴል የምትይዝ ልጅ ካለች፣ እሱም ይጻፋል፤ አባል ስንት እንደሆነ፣ በዙር ስንት ብር ወይም ዶላር እንደሚዞር ጨምራ።

ሥራ ማለት ማንኛውም ሥራ ነው፦ የምግብ ቤት ማስተናገድ፣ ገበያ ቦታ ቆሞ መሸጥ፣ ጋራዥ፣ ሕፃን መያዝ፣ ልጆች ማስጠናት። በቤተሰብ ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ደመወዝ ሳይከፈላችሁ ከሠራችሁ «የሚከፈልበት ሥራ» አትበሉ፤ «የቤተሰብ ኃላፊነት» ውስጥ አስገቡትና የሱቁን ስም በድርጅት ስም ቦታ ጻፉ። ቅዳሜና እሁድ ካሸር ላይ የቆመ ልጅ ከማያውቁት ሰው ጋር መነጋገርን፣ ሒሳብ መዝጋትን፣ የጎደለ ዕቃ ማዘዝን ያውቃል፤ አንባቢውም ይህን ያውቃል።

ሰንበት ትምህርት ቤትና መድረሳ ላይ ብዙዎች «ይህ የእምነት ጉዳይ ነው፤ ለኮሌጅ ምን ይሠራል?» ይላሉ። አገልግሎት ነው፤ ይጻፋል። የሚከብደው ማስረዳቱ ነው። አሜሪካዊው አንባቢ ማሕሌት፣ ከበሮ፣ ወረብ፣ ሒፍዝ የሚሉትን አያውቅም። «መዝሙር እዘምራለሁ» ከማለት «በግዕዝና በአማርኛ የሚዘመር የኦርቶዶክስ መዝሙር፣ 40 አባላት ያሉት መዘምራን» ማለት ይሻላል። ቁርአን የሐፈዘ (በቃሉ የያዘ) ልጅ ከ30 ጁዝ (ክፍል) ስንቱን እንደያዘና በስንት ዓመት እንደያዘ በቁጥር ይጻፍ።

ጊዜ የሚበላና ዋጋ የሌለው

ለመመረቅ ግዴታ የሆነ የበጎ ፈቃድ ሰዓት ብቻውን ማንንም አይለይም። ሜሪላንድ 75 ሰዓት፣ ዋሽንግተን ዲሲ 100 ሰዓት ይጠይቃሉ፤ ከዚያው አካባቢ የሚያመለክት ሁሉ ሞልቶታል። ሰዓቱን በአንድ ቦታ ሞልቶ ከዚያም የቀጠለ ልጅ ግን የሚጽፈው አለው።

በኮሌጅ ግቢ የሚካሄዱ፣ ገንዘብ የከፈለ ሁሉ የሚገባባቸው የክረምት ፕሮግራሞች ሌላው ወጥመድ ናቸው። የኮሌጁ ስም ያለበት ወረቀት ይዞ መምጣት እዚያው ኮሌጅ ለመግባት አይረዳም። ዋጋ ያላቸው በፉክክር የሚያስገቡና ለተማሪው ነጻ የሆኑት ናቸው፦ ኤም አይ ቲ ግቢ የሚካሄደው አር ኤስ አይ፣ ኤም አይ ቲ ራሱ የሚያካሂደው ማይትስ፣ የቴሉራይድ የክረምት ሴሚናር። ማመልከቻቸው ከክረምቱ ብዙ ወራት ቀድሞ ስለሚዘጋ ከመኸር ጀምሮ ቀኑን ያዙ። ለእነዚህ ያልታደለ ልጅ ክረምቱን በደመወዝ ሥራ ቢያሳልፍ ከተከፈለበት ካምፕ ያነሰ አይቆጠርለትም፤ ቤተሰቡም ጥቂት ሺህ ዶላር ይተርፈዋል።

በ11ኛ ክፍል መጨረሻ የሚመሠረት «ግብረ ሰናይ ድርጅት»ም እንዲሁ ነው። ድረ ገጽ፣ አርማ፣ መሥራችና ዋና ሥራ አስኪያጅ የሚል ማዕረግ፤ ከዚያ ወዲያ የተረዳ ሰው የለም። አንባቢዎች እንዲህ ያለውን በየቀኑ ያያሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ መጻሕፍት ልኬያለሁ የሚል ልጅ ስንት መጽሐፍ፣ ለየትኛው ትምህርት ቤት፣ ማን ተረከበ የሚለውን መመለስ ካልቻለ ቢተወው ይበጀዋል።

ውሸት ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነገር ነው። ማመልከቻው ሲገባ ተማሪው የጻፈው ሁሉ እውነት መሆኑን ፈርሞ ያረጋግጣል፤ ኋላ የተገኘ ውሸት ቅበላን ያሰርዛል። በ2019 የወጣው፣ ወላጆች ገንዘብ ከፍለው ልጆቻቸውን በማጭበርበር ኮሌጅ ያስገቡበት «ቫርሲቲ ብሉዝ» የተባለው ቅሌት በከፊል በሐሰት የስፖርት ታሪክ የተሠራ ነበር፤ ዋናው ደላላ በ2023 መጀመሪያ የሦስት ዓመት ተኩል እስር ተፈርዶበታል፤ ወላጆችም ታስረዋል። ተራው ማጋነንም ቢሆን የሚታወቀው ከካውንስለሩ (የትምህርት ቤቱ የተማሪዎች አማካሪ) እና ከመምህሩ ደብዳቤ ጋር ሳይገጥም ሲቀር ነው።

ቅጹ ራሱ

ኮመን አፕ በየዓመቱ ኦገስት 1 ይከፈታል። ቢበዛ 10 እንቅስቃሴ ይቀበላል። ለእያንዳንዱ የሚሞሉት፦ ዓይነት፤ የነበራችሁ ቦታ ወይም ኃላፊነት (50 ፊደል)፤ የድርጅቱ ስም (100 ፊደል)፤ የሠራችሁት ዝርዝር (150 ፊደል)፤ በየትኞቹ ክፍሎች (9፣ 10፣ 11፣ 12 ወይም ከዚያ በኋላ)፤ በትምህርት ወራት፣ በዕረፍት ወይም ዓመቱን ሙሉ፤ በሳምንት ስንት ሰዓት፤ በዓመት ስንት ሳምንት፤ ኮሌጅም መቀጠል ትፈልጋላችሁ ወይ። ፊደል ሲባል ክፍት ቦታና ነጥብ ይቆጠራል። ገደቡ ላይ ሲደርስ ቅጹ ስለማያስገባ መጀመሪያ ሌላ ሰነድ ላይ ጽፋችሁ ቆጥሩ።

አሥሩን መሙላት ግዴታ አይደለም። ስድስት የጠነከሩ መስመሮች፣ አራቱ ለመሙላት ያህል ብቻ ከተጻፉባቸው አሥር ይሻላሉ። ቅጹ የሚጠይቀው ለእናንተ ባላቸው አስፈላጊነት ቅደም ተከተል እንድታስቀምጡ ነው፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜና ኃላፊነት የወሰደው ላይ ይውጣ፤ ስሙ ያማረው ሳይሆን። ፋይል በፍጥነት የሚያነብ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው ከላይ ባሉት ሦስት አራት መስመሮች ነው። የበኩር ልጅነት በሳምንት 20 ሰዓት የሚወስድባችሁ ከሆነ አንደኛ ማድረግ አያሳፍርም።

50 ፊደል የተሰጠበትን የኃላፊነት ቦታ «አባል» በሚል ቃል አታባክኑ። የሠራችሁበትን ተናገሩ፦ ሒሳብ ያዥ፣ ዜና አንባቢ፣ የ7–10 ዓመት ልጆች መምህር፣ የሦስት ታናናሾች ዋና ተንከባካቢ።

ሽልማት የራሱ ክፍል አለው፦ 5 ቦታ፣ ለእያንዳንዱ 100 ፊደል፣ ደረጃው ከትምህርት ቤት እስከ ዓለም አቀፍ። ከክፍል አንደኛ መውጣት እዚህ ይገባል። የሥልጠና ተሳትፎ ምስክር ወረቀት አይገባም፤ ወርቃማ ጠርዝ ቢኖረውም።

ሰዓት አቆጣጠር

ብዙ ዝርዝር የሚበላሸው እዚህ ነው። ሳምንት 168 ሰዓት አለው። ለእንቅልፍ 56፣ ለትምህርት ቤት 35፣ ለቤት ሥራ 15፣ ለምግብ፣ ለመንገድና ለመታጠብ ሌላ ከ15 እስከ 20 ሰዓት ስታወጡ 45 ያህል ይቀራል። በትምህርት ወራት የምትሠሯቸውን ሁሉ ደምሩ፤ ከ40 ካለፈ አንዱ ቦታ ላይ ሁለት ጊዜ ቆጥራችኋል ወይም የክረምቱን ከትምህርት ወራት ጋር ቀላቅላችኋል።

ወጥ ያልሆነ ሥራ ሲሆን አማካይ ይወሰዳል። ለምሳሌ መዘምራኑ ለበዓል በሚዘጋጁባቸው 4 ሳምንታት በሳምንት 10 ሰዓት፣ በቀሩት 30 ሳምንታት 2 ሰዓት ይለማመዳሉ እንበል። 40 እና 60 ሲደመር 100 ሰዓት ነው፤ ለ34 ሳምንት ሲካፈል ሦስት ገደማ ይመጣል። ስለዚህ በሳምንት 3 ሰዓት፣ በዓመት 34 ሳምንት ብላችሁ ትሞላላችሁ። ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ ነገር እንኳ 52 ሳምንት መሆኑ ብርቅ ነው፤ የፈተና ሳምንትና ጉዞ ሲወጣ 44 ወይም 46 ይሆናል፤ አንባቢውም ይህን ሲያይ በእርግጥ እንደቆጠራችሁ ያምናል።

የታናናሽ ጥበቃ ሰዓት ሲቆጠር ደግሞ ሁለት ስህተት ይታያል። አንዱ ልጆቹ የተኙበትን ሰዓት ጨምሮ 50 ማድረስ ነው። ሌላውና የሚበዛው አሳንሶ መጻፍ ነው፤ «እህቶቼ ናቸው፣ ሥራ ነው እንዴ?» እያሉ 2 ሰዓት ይሞላሉ። አንድ ተራ ሳምንት መርጣችሁ በስልካችሁ ላይ የጀመራችሁበትንና የጨረሳችሁበትን ሰዓት መዝግቡ። ከ9 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ተኩል፣ አምስት ቀን፣ 15 ሰዓት ነው።

150 ፊደል ውስጥ ምን ይገባል?

ዝርዝሩ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ከታች ያሉት ምሳሌዎች ይዘቱን ለማሳየት በአማርኛ ቀርበዋል፤ ወደ እንግሊዝኛ ሲገለበጡም ከ150 ፊደል አያልፉም። ሙሉ ዓረፍተ ነገር አያስፈልግም፤ «እኔ» የሚለው ተውላጠ ስም ይውጣ፤ በግሥ ይጀመር። ያለቀውን በኃላፊ ጊዜ፣ የቀጠለውን በአሁን ጊዜ ጻፉ።

ደካማው፦ «የትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ አባል በመሆኔ ብዙ ነገር ተምሬያለሁ፤ በራስ መተማመኔም አድጓል።»

የተሻለው፦ «በሳምንት 2 ዜና ጽፌ በጠዋት ሰልፍ ለ1,400 ተማሪ አነበብኩ፤ 6 አዲስ አንባቢ አሠለጠንኩ፤ ከመምህራን ጋር የፈተና ምክር ክፍለ ጊዜ ጀመርኩ።»

ደካማው፦ «ቤተሰቤን እረዳለሁ።»

የተሻለው፦ «የ6 እና የ9 ዓመት ታናናሾቼን ከትምህርት ቤት እቀበላለሁ፣ ራት እሠራለሁ፣ የቤት ሥራ አሠራለሁ፤ ለእናቴ ክሊኒክና ባንክ አስተረጉማለሁ፤ ኪራይና መብራት በኦንላይን እከፍላለሁ።»

ደካማው፦ «ሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችን አስተምራለሁ።»

የተሻለው፦ «ለ22 ልጆች በየሳምንቱ የአማርኛ ፊደል አስተምራለሁ፤ እዚህ ለተወለዱ ልጆች የሚሆን ስላጣሁ ባለ 30 ገጽ መልመጃ አዘጋጀሁ፤ 3 ረዳት አሠለጥናለሁ።»

በሦስቱም የተሻሉ ምሳሌዎች ውስጥ ቁጥርና የተሠራ ነገር አለ። ስሜት የለም፤ ስሜት ለድርሰቱ ይቆያል። የድርጅቱን ስም እዚህ አትድገሙ፤ ከላይ 100 ፊደል ተሰጥቶታል። ምሕጻረ ቃልም ቢሆን አንባቢው የሚያውቀው መሆኑን አረጋግጡ፤ የማኅበራችሁ ምሕጻር ለእሱ ትርጉም የለውም።

150 ፊደል የማይበቃው አንድ ሥራ ካለ፣ «ተጨማሪ መረጃ» የሚለው ክፍል አለ። ከ2025–26 የማመልከቻ ዓመት ጀምሮ ገደቡ ከ650 ወደ 300 ቃል ወርዷል። «ችግሮችና ሁኔታዎች» የሚለው ሌላ ሣጥን 250 ቃል ይይዛል፤ እንቅስቃሴ ያቋረጣችሁበት ምክንያት፣ ሕመም፣ የቤት መቀያየር፣ የወላጅ ሥራ ማጣት እዚያ ይገባል። ሁለቱም ለድርሰት ትራፊ ማፍሰሻ አይደሉም። አንዳንድ ኮሌጆች ደግሞ ራሳቸው ተጨማሪ ጥያቄ ያቀርባሉ፤ ሃርቫርድ ለምሳሌ ከክፍል ውጪ እንቅስቃሴ፣ ሥራ፣ ጉዞ ወይም የቤተሰብ ኃላፊነት እንዴት እንደቀረጻችሁ በ150 ቃል ጠይቋል። ስለዚህ ዋናውን ሥራችሁን በኮመን አፕ ዋና ድርሰት (650 ቃል) ከጨረሳችሁት ለዚህ የምታቀርቡት ሌላ ነገር ይኑራችሁ።

ከኢትዮጵያ ሆናችሁ ስታመለክቱ

የቀይ መስቀል፣ የአካባቢ ጥበቃ፣ የሥነ ምግባር ክበብ፣ ሚኒ ሚዲያ፣ የክረምት በጎ ፈቃድ፣ ችግኝ ተከላ፣ ሁሉም ይጻፋል። ግን በዓመት አንድ ቀን የተተከለ ችግኝ መስመር አይሞላም፤ የተተከለውን ሁለት ዓመት ያጠጣና የጸደቀውን የቆጠረ ልጅ መስመር አለው። የታችኛ ክፍል ልጆችን በክፍያ ማስጠናት «የሚከፈልበት ሥራ» ነው። ከብት መጠበቅ፣ እርሻ፣ ውሃ መቅዳት፣ ጉልት ላይ ከእናት ጋር መሸጥ ደግሞ «የቤተሰብ ኃላፊነት» ውስጥ ይገባል፤ ሰዓቱንና ርቀቱን ጻፉ። የሮቦቲክስ ክለብ የሌለበት ትምህርት ቤት ተማሪ ስለሌለው ነገር አይጠየቅም፤ ፋይሉ የሚነበበው ከትምህርት ቤቱ ሁኔታ ጋር ነው።

የዓመት አቆጣጠሩን ወደ አውሮፓ መልሱ፦ 9ኛ ክፍልን በ2015 ዓ.ም. የተማረ ልጅ 2022/23 ነው የሚለው። 12ኛን ጨርሳችሁ ዓመት ከተቀመጣችሁ በዚያ ጊዜ የሠራችሁት «ከ12 በኋላ» በሚለው ይሞላል።

ማህተም ያለበት ምስክር ወረቀት መሰብሰብ እኛ ዘንድ ትልቅ ነገር ነው፤ ኮመን አፕ ግን እንድትሰቅሉት አይጠይቅም። ማስረጃ የሚሆነው የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ነው። ካውንስለር የሌለበት ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህሩ ወይም ምክትላቸው ያንን ቦታ ይይዛሉ። የራሳቸው ኢሜይል ያስፈልጋቸዋል፤ ተማሪው ራሱ ከፍቶ የሚልክበት ኢሜይል ጥርጣሬ ያስነሳል፤ ጥርጣሬው ደግሞ ማመልከቻውን ሊጥል ይችላል። ከመዝጊያው ቀን ቢያንስ አራት ሳምንት ቀድማችሁ አንድ ገጽ ወረቀት ስጧቸው፦ የሠራችሁት፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ያስተባበራችሁት ሰው ብዛት፣ የቤት ኃላፊነታችሁ። እርሳቸው የማያውቁትን አይጽፉምና።

ከአሜሪካ ኤምባሲ ጋር የሚሠራው ኤዱኬሽን ዩ ኤስ ኤ አዲስ አበባ ውስጥ ምክር ይሰጣል፤ ገንዘብ ተቀብሎ «ዝርዝር የሚያሳምር» ደላላ ከመፈለግ በፊት እዚያ ጠይቁ። እንግሊዝ አገር የሚያመለክቱ ልጆች ግን ይህን ሁሉ ወደ ጎን ያድርጉት። የዩካስ (የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች የጋራ ማመልከቻ) የግል መግለጫ ከ2026 ገቢዎች ጀምሮ ሦስት ጥያቄ፣ በድምሩ 4,000 ፊደል ነው፤ የሚፈለገውም ከሚማሩት ዘርፍ ጋር የተያያዘ ንባብና ሥራ ነው።

የተለየ ቅጽ ያላቸው

የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ማለትም በርክሊና ዩ ሲ ኤል ኤ ያሉበት፣ የራሱ ማመልከቻ አለው። እንቅስቃሴና ሽልማት ተደምሮ 20 መስመር፣ ለመግለጫው 350 ፊደል ይሰጣል። የመምህር ደብዳቤ በአጠቃላይ ስለማይጠይቅ ዝርዝሩ ብቻውን መናገር አለበት፤ ከኮመን አፕ ገልብጣችሁ አትለጥፉ፤ ቦታው ከእጥፍ በላይ ነው። ኤም አይ ቲ በተቃራኒው አራት እንቅስቃሴ ብቻ ይቀበላል። አሥር መስመር የሞላ ልጅ ለኤም አይ ቲ አራቱን ሲመርጥ የትኛው በእርግጥ እንደሚከብድ ያኔ ይገባዋል፤ ያንን ምርጫ ቀድሞ ማድረግ ለኮመን አፑም ቅደም ተከተል ይጠቅማል።

ሯጭ ከሆናችሁ መንገዱ ሌላ ነው። ሰዓታችሁን (1,600 ሜትር፣ 3,200 ሜትር፣ 5 ኪሎ ሜትር አገር አቋራጭ) ይዛችሁ ለአሠልጣኙ በቀጥታ ጻፉ። መጻፍ በማንኛውም ጊዜ ይቻላል፤ የዲቪዥን አንድ (ከፍተኛው የኮሌጅ ስፖርት ደረጃ) አሠልጣኞች ግን በአብዛኛው ስፖርት መመለስ የሚፈቀድላቸው 10ኛ ክፍል ካለቀ በኋላ ከጁን 15 ጀምሮ ነው። እንደ ሃርቫርድ ያሉ የአይቪ ሊግ ኮሌጆች የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጡም፤ የአሠልጣኝ ድጋፍ ግን ቅበላው ላይ ክብደት አለው።

ከመላክ በፊትና በኋላ

ኮመን አፕ ከመላኩ በፊት ማመልከቻውን በፒዲኤፍ ያሳያል። የእንቅስቃሴውን ገጽ ለማያውቃችሁ አዋቂ ሰው አንድ ደቂቃ ስጡና ወረቀቱን ተቀብላችሁ «ይህ ልጅ ምን ይሠራል?» ብላችሁ ጠይቁ። የመለሱላችሁ እናንተ ከምትፈልጉት የተለየ ከሆነ ቅደም ተከተሉን ቀይሩ። ቀጥሎ ሦስት ነገር ፈትሹ፦ የትምህርት ወራት ሰዓት ድምር፣ የክፍሎቹ ምልክት ከድርሰቱ ጋር መግጠሙ፣ ካውንስለሩ ከሚያውቀው ጋር መስማማቱ።

ቅድመ ማመልከቻ የሚዘጋው በአብዛኛው ኖቬምበር 1 ወይም 15 ነው፤ መደበኛው በጃንዋሪ መጀመሪያ። ቅድመ ማመልከቻ አስገብታችሁ ውሳኔው ወደ መደበኛው ዙር ከተገፋ፣ ኮሌጁ ተጨማሪ መረጃ የሚቀበል ከሆነ፣ በፖርታሉ (ኮሌጁ ለአመልካቹ በከፈተው ገጽ) በኩል አንድ ገጽ የማይሞላ ደብዳቤ ላኩ። ካመለከታችሁ በኋላ የሆነውን ብቻ ጻፉ፦ አዲስ የሥራ ኃላፊነት፣ ያስተማራችኋቸው ልጆች ቁጥር ማደጉ፣ የመጀመሪያ ሴሚስተር ውጤት። አንድ ጊዜ ይበቃል፤ በየሳምንቱ የሚጽፍ ተማሪ ፋይሉን አያወፍርም። የድሮውን ዝርዝር ደግሞ በሌላ ቃል መላክ አያስፈልግም፤ ፊታቸው ነው ያለው።